ደቂቃው ስንት ላይ ነው? ፖለቲካ ዶክመንተሪ ላይ ለምትከራከሩ

ሥራዬ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው። ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ሠርግ፣ ምርቃትና ክርስትና እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። የፖለቲካ ተንታኝ አይደለሁም። ግን አወዛጋቢ ዶክመንተሪ በወጣ ቁጥር ዘመድም፣ ደንበኛም፣ የሰፈር ልጅም «እስኪ አንቺ በሙያሽ ንገሪን፣ እውነት ነው ውሸት?» ይለኛል። እኔም «ስንተኛው ደቂቃ ላይ ያለው?» እላለሁ። እዚህ ጋ አብዛኛው ሰው ዝም ይላል። ፊልሙን አላየውማ። ያየው አንዱ የለጠፈውን የአርባ ሰከንድ ቁራጭና ከሥሩ የተደረደረውን ስድብ ነው።

መከራከራችሁ ካልቀረ እንዲህ አድርጉ።

ሙሉውን እዩ

እኛ ጋ ይሄ ቀላል ምክር እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሁለት ሰዓት ፊልም ዳታ ይጨርሳል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የክልላችን ሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ደግሞ ለወራት የሚጨረስ ዳታም አልነበረም። የሚገርመው፣ ያኔ ፊልም በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። የሚዞረውም ሙሉ ፋይሉ ነው። ቆርጦ የሚያቀብል ቲክቶክ የለማ። ሌላው ተሳድቦ ከጨረሰ በኋላ ዘግይተን ክርክሩ ውስጥ ስንገባ እኛ መጨረሻውን ሁሉ አይተን ነበር። መዘግየት እንዲህ ሲጠቅም አይቻለሁ። ስለዚህ «ሁሉም ጽፎ ጨረሰ፣ እኔ ቀረሁ» ብላችሁ አትቸኩሉ።

ዳታ ካጠራችሁ ሁለት ሦስት ሆናችሁ አብራችሁ እዩ። ጥራቱን ዝቅ አድርጉት፤ ለክርክር 360 ይበቃል። ቴሌግራም ላይ ያገኛችሁት ኮፒ ከሆነ ግን ርዝመቱን ከዋናው ቻናል ጋር አስተያዩት። ዋናው 1 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ሆኖ የእናንተ 1 ሰዓት ከ20 ከሆነ፣ የሆነ ቦታ ላይ 12 ደቂቃ ቀርታለች። የቀረችው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያጣላችው ናት።

የመጀመሪያውን ዙር እንደማንኛውም ሰው እዩት። ተናደዱ፣ አልቅሱ፣ ይውጣላችሁ። በሁለተኛው ዙር ድምፁን አጥፉና ምስሉን ብቻ እዩ። ሙዚቃው ሲጠፋ ቅድም ያስፈራችሁ ሰው መንገድ የሚሻገር ተራ ሰው ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ስልኩን ደፍታችሁ ድምፁን ብቻ ስሙ። ያኔ ተራኪው ምን ያህል ተጠንቅቆ እንደሚናገር ይገባችኋል። «ምንጮች እንደሚሉት» ይላል። «ጥያቄ ያስነሳል» ይላል። የቀረውን ለምስሉና ለከበሮው ይተዋል።

እስክሪብቶ ያዙ። ደቂቃውን፣ የሚታየውን፣ ማን እንደተናገረና ምን እንዳለ ጻፉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ይሄ ምስል ከየትኛው ምስል ቀጥሎ እንደመጣ ጻፉ። ይቺን የመጨረሻዋን ማንም አይጽፋትም። እኔ የምኖረው በእሷ ነው።

መገጣጠሚያው

ከሥራዬ አንድ ነገር ላሳያችሁ። አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራዋ አያት የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ሲወስዱ ካሜራዬ ይዟቸዋል። ጠዋት ነው። ከድንኳኑ ጀርባ ወጥ እየተሠራ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል። ሙሽራዋ የተሸኘችው ከሰዓት ነው፤ ያኔ አያትየው ፍሬም ውስጥ የሉም። ኤዲት ሳደርግ ሙሽራዋ መኪና ውስጥ ትገባለች፣ ካት (ምስሉ ተቆርጦ ሌላ ይቀጥላል)፣ አያትየው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፣ ካት፣ መኪናው ይንቀሳቀሳል። ከሥሩ ማሲንቆ። ቤተሰቡ ሲያየው ቤቱ እንባ በእንባ ሆነ። አያትየውም ወደ እኔ ዞር ብለው «አየሽ ልጄ፣ እንዴት እንዳለቀስኩ!» አሉኝ።

ምንም የተዋሸ ምስል የለም። አያትየው እሳቸው ናቸው፣ ቀኑ ያው ቀን ነው፣ ግቢው ያው ግቢ ነው። የተጨመረው መገጣጠሚያው ብቻ ነው። አያትየውን ራሳቸውን እንኳን አሳምኗል። ሠርግ ላይ ይሄ ማንንም አይጎዳም፤ ደንበኛ የሚከፍለኝም ለዚሁ ነው። ፖለቲካ ላይ ግን ይሄው ካት ሰው ያሳስራል፣ ዙፋንም ይነቀንቃል።

ይነቀንቃል ስል እያጋነንኩ አይደለም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ፊልሙ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ዓለም ደነገጠ፣ እርዳታ ተሰበሰበ። ደርግ ይህንኑ ፊልም ወሰደና ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር፣ ንጉሡ ውሾቻቸውን ከሚመግቡበት ምስል ጋር እያፈራረቀ እንደገና አሠራው። የ1967 ዓ.ም. ዘመን መለወጫ ዕለት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተላለፈ። በማግስቱ፣ መስከረም 2፣ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ።

ጎረቤቴ ጋሼ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ያኔ አዲስ አበባ አጎታቸው ቤት ነበሩና ፊልሙን አይተውታል። «ረሃቡ እውነት ነበር፤ ውሻውም እውነት ነበር። ሁለቱ ግን በአንድ ቀን የሆኑ መስሎኝ ነበር» ይላሉ።

አሁን ይህ ፊልም ዛሬ ቢለቀቅና ኮመንት ላይ ብትገቡ ምን ትላላችሁ? «ውሸት ነው፣ ረሃብ አልነበረም» ያለ ይሸነፋል፤ መሸነፍም አለበት፤ ሰው አልቋል። «ምስሉ እኮ እውነት ነው፣ ምን ትፈልጋለህ?» ያለውም ከጥያቄው እየሸሸ ነው። ዋናው ጥያቄ ሌላ ጋ ነው፦ ድግሱ መቼ ተቀረጸ? ረሃቡስ? ሁለቱን ማን አገናኛቸው? ለምን በዚያች ማታ? እነዚህን ብትጠይቁ ረሃቡን ሳትክዱ፣ ለንጉሡም ጠበቃ ሳትሆኑ ስለ ፊልሙ መናገር ትችላላችሁ። ረሃቡን ደብቆ የነበረውን መንግሥት መውቀስና ፊልሙን ቆርጦ የቀጠለውን መመርመር አብረው ይሄዳሉ። እኛ አገር ግን አንዱን ከጠየቅህ የሌላው ወገን ነህ ተብለህ ታድራለህ።

ሁለቱም ልክ የሆኑበት ጭቅጭቅ

አሜሪካዊው ፊልም ሠሪ ማይክል ሙር በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ፋራናይት 9/11» ስለ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ፣ ስለ መስከረም 11 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ጥቃትና ስለ ኢራቅ ጦርነት ነው። በዚያው ዓመት ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ዋናውን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን፣ ወሰደ። በዓለም ዙሪያ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ጭቅጭቁም የገንዘቡን ያህል ነበር፤ አንዷን ብቻ ልምዘዝ።

ፊልሙ ከጥቃቱ በኋላ የአሜሪካ ሰማይ እንደተዘጋ፣ አውሮፕላን ሁሉ መሬት እንደቀረ ይነግረናል። መብረር ያልቻሉ ሰዎችን ያሳያል። ከዚያ ሙር ራሱ እየተረከ የቢን ላደን ዘመዶችና ሌሎች ሳዑዲዎች በአውሮፕላን ከአገር እንደወጡ ይናገራል።

ተቺዎቹ «ሰማዩ ዝግ እያለ በረሩ ብሎ ዋሸ!» አሉ። ጥቃቱን የመረመረው ኮሚሽን በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት፣ የአየር ክልሉ መስከረም 13 ጠዋት ከመከፈቱ በፊት ሳዑዲዎችን የጫነ በረራ ለመኖሩ ማስረጃ አላገኘም። ደጋፊዎቹ ደግሞ «የቱ ጋ ዋሸ? ከመስከረም 13 በኋላ ብሏል እኮ!» ብለው መለሱ። እውነታቸውን ነው፤ ብሏል።

ታዲያ ማን ተሳሳተ? ንግግሩን ብቻ የሰማ ሰው ሙርን ንጹሕ ያደርገዋል። ምስሉን ብቻ ያየ ሰው ውሸታም ይለዋል። መገጣጠሚያውን ያየ ግን እንዲህ ይጽፋል፦ «ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ነው። የተቀመጠበት ቦታ ግን ሰማዩ ዝግ እያለ የበረሩ ያስመስላል። ሙር ቀኑን በአንድ ቃል ነካ አድርጎ አልፏል፤ ተመልካቹ በጆሮው ያዘለቀው ተዘጋ የሚለውን ነው።» ለዚህ ኮመንት ደጋፊም ተቺም ቶሎ መልስ አያገኝም። በእኔ ሚዛን ሙር እዚህ ቦታ ላይ ሆን ብሎ ተጫውቷል። ተቺዎቹም ፊልሙ ያላለውን ቃል አፉ ውስጥ ከተቱለት።

ምስሉ የት፣ መቼ

ከፊልሙ ላይ ስክሪንሾት ወስዳችሁ ጉግል ሌንስ ላይ መፈለግ ታውቃላችሁ፤ እሱን አልደግምም። ሌንስ የማያውቀውን ግን እናንተ ታውቃላችሁ። «ጎንደር» የሚል ጽሑፍ ሥር ያለ ምስል ላይ ፒያሳ ያሉትን ጣሊያን የሠራቸውን ሕንፃዎች፣ የፋሲልን ግንብ ጫፍ፣ የኮረብታውን አቀማመጥ ፈልጉ። ወቅቱን እዩ። ነሐሴ ላይ ተቀረጸ በተባለ ምስል ሜዳው ቢጫ ከሆነ አንድ ችግር አለ። ቅጠሉ ደርቆ አቧራው እየጨሰ «መስከረም» ከተባለ አደይ አበባዋ የት ገባች? ጥምቀት ላይ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ዙሪያ የተቀረጸ ሕዝብ ድምፁ ከተነሳለት ለማንኛውም ሰልፍ ይሆናል። ግን የምስሉን ጠርዝ እዩት። የድባብ ጫፍ፣ የካህን ልብስ፣ የመዘምራን ከበሮ የሆነ ጥግ ላይ ይቀራል። ኤዲተር መሃሉን ያጸዳል፤ ጠርዙን ይረሳል።

የዓመት ቁጥር ደግሞ ሰውን ያለ ነገር ያጣላል። የውጭ ፊልም «2013» ሲል በእኛ 2005 እና 2006 ነው። በእኛ 2013 ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት የተጀመረበት ዓመት ነው። አንዱ ስለ አንዱ፣ ሌላው ስለ ሌላው እያወራ ሃምሳ ኮመንት የተሳደቡ ሰዎች አይቻለሁ። ዓ.ም. ወይ እ.ኤ.አ. ብሎ መጻፍ ምን ያከብዳል?

በቁጥጥር ሥር ያለ ሰው ሲናገር

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ኅዳር 2004 ዓ.ም. ኢቲቪ ላይ የታየውን ዶክመንተሪ «አኬልዳማ»ን፣ ጥር 2005 ዓ.ም. ላይ የታየውን «ጀሃዳዊ ሐረካት»ን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሁለቱም የታዩት ክስ ላይ ስላሉ ሰዎች ነው፤ ፍርድ ሳይሰጥ። ያኔ ቤት ለቤት የነበረው ጭቅጭቅ «ራሱ በአፉ ተናገረ እኮ!» እና «አስገድደው ነው!» የሚል ነበር። ዛሬም እንዲህ ዓይነት ፊልም በወጣ ቁጥር ያው ነው።

የእኔ ምክር፦ ሰውየው ምን አለ ከማለታችሁ በፊት የት ሆኖ አለ በሉ። ካሜራው ፊት ለፊት ማን ተቀምጧል? ጥያቄው ይሰማል ወይስ መልሱ ብቻ ነው የቀረው? ለእኔ ጥያቄው የተቆረጠ መልስ ግማሽ ነገር ነው። «አዎ» የሚለውን ቃል የፈለግኩት ጥያቄ ሥር ማስቀመጥ ለእኔ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። አፍ ላይ ያለው ጥላ፣ የሸሚዙ አቀማመጥ፣ ከኋላ ያለው ግድግዳ በሁለት መልሶች መሃል ከተቀየረ ቀረጻው ተቋርጧል ማለት ነው። ይህን ጻፉ።

ሕገ መንግሥቱን መጥቀስ ከፈለጋችሁ በጅምላ «ሕገ መንግሥቱ ተጣሰ» አትበሉ። አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው በፍርድ እስኪረጋገጥበት ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት አለው ይላል። አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም ይላል። ቁጥር ሲጠቀስ ተከራካሪው ወይ ከፍቶ ያነባል ወይ ይተዋችኋል። ሁለቱም ጥሩ ነው።

ይህ መለኪያ ግን ለወደዳችሁትም ፊልም ይሠራል። መንግሥት የሠራው ሲሆን «የተገደደ ቃል» ብላችሁ፣ እናንተ የምትደግፉት ቡድን ምርኮኛ አስቀምጦ ሲያናግር «እውነቱን አወጣው» ካላችሁ ከእናንተ ጋር ማን ያወራል?

ተቺውንም እንደ ፊልሙ መርምሩ

ፊልሙን የሚነቅፍ ሁሉ ተንታኝ አይደለም። አንዳንዱ የሚጮኸው እንግዳ ነገር ስላየ ብቻ ነው። ከጎንደር ምሳሌ ልስጥ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. እዚህ ከተማችን ገባ፤ እቴጌ ምንትዋብን ቁስቋም አገኛቸው፣ ግሽ ዓባይ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። አገሩ ገብቶ ያየውን ሲያወራ፣ በ1790 እ.ኤ.አ. መጽሐፉንም ሲያሳትም የለንደን ሰው ሳቀበት። በተለይ ስለ ጥሬ ሥጋ ያወራው መሳለቂያ አደረገው። እኛ እንኳን ምኑ ገረማቸው ማለታችን አይቀርም።

ተቺዎቹ ጥሬ ሥጋው ላይ ሲሳለቁ ብሩስ የደበቀው ሌላ ነገር ነበር። ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ አብሮት ነበር። ግሽ ዓባይም አብሮት ሄዷል። ብሩስ ግን ከዚያ ጉዞ በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈው። ከእሱ በፊት በ1618 እ.ኤ.አ. ምንጩን ያየውን ፔድሮ ፓኤዝንም አላየም ብሎ ተከራከረ። ዝናውን ለብቻው ፈልጎት ነበር።

ይህን የማነሳው ለዚህ ነው፦ ፊልም ስትነቅፉ ዓይን የሚወጋውን ነገር ትታችሁ ማን እንደጎደለ ፈልጉ። ምስክር ሆኖ መቅረብ የነበረበት ሰው ማን ነው? ለምን የለም? «ጠይቀን ፈቃደኛ አልሆነም» የሚል ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አለ? ተከሳሹ ወገን ስንት ደቂቃ ተሰጠው? ሁሉም ነገር እውነት ሆኖ አንድ ሰው ስለተቀነሰ ብቻ ታሪኩ ሊገለበጥ ይችላል።

ሌላው የተቺ ዓይነት ስህተት ቆጣሪው ነው። ይሄኛው ይጠቅማል፣ ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ተከታተሉት። የቀድሞው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎር ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች እንዳይታይ ክስ ቀርቦ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ዳኛው ዘጠኝ ነጥቦች ላይ ፊልሙ ከሳይንቲስቶች የጋራ አቋም ወጣ ብሏል አሉ። በዚያው ውሳኔ ዋና ሐሳቡ በሳይንስ የተደገፈ እንደሆነ፣ ከማብራሪያ ጋር ለተማሪ ሊታይ እንደሚችልም አሉ። ተቺው «ዘጠኝ ስህተት!» ብሎ ጨፈረ። ደጋፊው «ፍርድ ቤት አጸደቀው!» ብሎ ጨፈረ። ሁለቱም ያነበቡት ያንኑ ወረቀት ነው። ስህተት ሲቆጠርላችሁ «ይሄ ስህተት ቢወጣ ዋናው ነገር ይወድቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ስህተት የቀለም ነው፣ አንዳንዱ የምሰሶ ነው።

«ማን ከፈለው?» የሚለው ጥያቄ ነውር የለውም። የፊልሙ መጨረሻ ላይ የሚወርደውን ስም ዝርዝር አንብቡ፤ ሰው ሁሉ የሚዘጋው እዚያ ጋ ነው። ግን ገንዘቡ የሚያስጠረጥራችሁን ነገር ሄዳችሁ አጣሩ እንጂ በገንዘቡ ብቻ አትዝጉት። እኔንም የሙሽራው አባት ነው የሚከፍለኝ። ሠርጉ ግን ነበር።

ኮመንቱን ስትጽፉ

እንዲህ አትጻፉ፦ «ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው። ተከፋዮች!»

እንዲህ ጻፉ፦ «34ኛው ደቂቃ ላይ ሕዝቡ ለተቃውሞ ወጣ ሲል የሚታየው ምስል፣ 12ኛው ደቂቃ ላይ ለበዓል ወጣ ተብሎ የታየው ሕዝብ ነው። ጥቁር ጃንጥላ የያዙትን ሰውዬ አስተያዩ። ተቃውሞ አልነበረም እያልኩ አይደለም፤ ይሄ ምስል ግን የሱ አይደለም።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ወሳኝ ናት። ያላላችሁትን አስቀድማ ትዘጋለች። ካላስገባችኋት በሁለት ደቂቃ ውስጥ አንዱ መጥቶ «እና የሞቱት ሰዎች ውሸት ናቸው?» ይላችኋል፤ ከዚያ በኋላ ጃንጥላውን የሚያይ የለም።

አንድ ኮመንት፣ አንድ ነጥብ። አሥር ነጥብ ከደረደራችሁ ተከራካሪያችሁ ደካማዋን መርጦ በእሷ ይዞራል፤ ዘጠኙን ማንም አያስታውስም።

አጠራር ላይ፦ የማታውቁትን ሰው «እርስዎ» በሉ። ፌስቡክ ላይ «አንተ» ሲባል ግማሹ ጠብ ተጀምሯል። «ወንድሜ» ደግሞ ተበላሽታለች። ድሮ የፍቅር ነበረች፤ አሁን «ስማ ወንድሜ» ሲባል ቀጥሎ የሚመጣው ስድብ ነው። «ካድሬ»፣ «ባንዳ»፣ «ጽንፈኛ» የሚሉትን ቃላት የጻፈ ሰው ክርክር ጨርሷል ማለት ነው፤ መልስ አትስጡት። የብሔርና የሃይማኖት ነገር ከመጣ ያን ጊዜ ሳትሰናበቱ ውጡ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይሄ ነው።

ዘመድ ከሆነ ነገሩ ይለያል። የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የዋሽንግተኑ የአክስቴ ልጅ የሰባት ደቂቃ ቮይስ ይልካል፤ አክስቴ እዚህ ደምቢያ ሆና ትሰማዋለች፤ ሁለቱም ይኮራረፋሉ። እንዲህ ሲሆን ግሩፑ ላይ አልመልስም። እደውልለታለሁ። መጀመሪያ ስለ ልጆቹ አወራለሁ፣ ከዚያ «እስኪ 34ኛው ደቂቃን አብረን እንየው» እላለሁ። ሰው ፊት ያልተሸነፈ ሰው ሐሳቡን መቀየር አያፍርም።

ውጭ ያለው ከእናንተ ጋር እኩል አይከፍልም

ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ አይለኝም። ከሩቅ አገር «ጻፊ! አጋልጪ!» የሚል ሰው ማታ ተኝቶ ያድራል። እናንተ እዚህ ናችሁ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። ሐሰተኛ መረጃው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት ከተሰራጨ እስራቱ እስከ ሦስት ዓመት ይደርሳል። ተከታያችሁ የበዛ ቲክቶከሮች ይህን ልብ በሉ። ሕጉ ባይኖርም ያላጣራችሁትን ምስል «ነው» ብላችሁ አትለጥፉ።

ፊልሙ ውስጥ የሰፈራችሁን ሰው ካያችሁ ስሙን አትጻፉ። «ይሄማ የእገሌ ልጅ ነው፣ ሱቁ እዚያ ጋ ነው» የሚል ኮመንት ለእናንተ የእውቀት ማሳያ ነው፤ ለእሱ ግን መዘዝ ነው። ስህተቱን ለማሳየት ፊቱ ግድ ካስፈለገ ደብዝዙት፤ ካፕካት ላይ የደቂቃ ሥራ ነው። የራሳችሁን ቪዲዮ ለማስረጃ ስትለጥፉም በመስኮት የሚታየው ምን እንደሆነ ተመልከቱ። እኔ ደንበኞቼ «አንቺ ጋ ያለው የበዓሉ ፉቴጅ ላይ አለ፣ አውጪው» ሲሉኝ እምቢ ነው የምለው። ሰዎቹ ካሜራዬ ፊት የቆሙት ለበዓል እንጂ ለክርክር አይደለም።

ስትጨርሱ

ነጥባችሁን ከጻፋችሁ፣ ጥያቄ የጠየቃችሁን አንዴ ከመለሳችሁ በቂ ነው። ኖቲፊኬሽኑን ዝጉት። ፊልም ሠሪው ራሱ መልስ ከሰጠ ግን ተመለሱ፤ ያ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ልክ ከሆነም ልክ ነህ በሉት፤ በዚያችው ገጽ ላይ፣ ነቀፋውን በጻፋችሁበት መጠን ጎላ አድርጋችሁ።

አንድ የቴክኒክ ነገር ቀረኝ። ዩቲዩብ የወጣን ቪዲዮ ሊንኩ ሳይቀየር ከመሃሉ ቆርጦ ማውጣት ይፈቅዳል። ትናንት የጻፋችሁት 34ኛው ደቂቃ ዛሬ 31ኛው ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ጭራሽ ላይኖርም ይችላል። ከዚያ «የት አለ? ውሸታም» ትባላላችሁ። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ምስሉን፣ ከሥሩ ያለውን የደቂቃ መስመርና የቪዲዮውን ጠቅላላ ርዝመት በአንድ ስክሪንሾት ያዙት፤ የስልካችሁ ሰዓትም ከላይ ይታይ።